ሃይድሮሊክ ወይስ ሶሊድ? ሞተር አውርዶ ታፔት ለሚመርጥ

ሞተሩ ወርዷል። ቴስታታው፣ ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛ ክፍል፣ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ካምሻፍቱ (ካሙ)፣ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ተነቅሎ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል። ጉብታዎቹን በጣት ስትዳስሱ አንዱ ተበልቷል። እንግዲህ ካሙ ሊቀየር ነው። ካሙ ከተቀየረ ታፔቱም አብሮት ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው ዕቃ ሻጩ «ሃይድሮሊክ ነው ሶሊድ?» ብሎ የሚያፋጥጣችሁ። አጠገባችሁ ካሉት ሦስት መካኒኮች አንዱ «ሃይድሮሊክ ግጠምና ተገላገል» ይላል። ሁለተኛው «ሞተር ማለት ሶሊድ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ያው ነው፣ የተገኘውን አስገባ» ይላል። ከሦስቱ በጣም የተሳሳተው ሦስተኛው ነው።

ስለ ብራንድ አላወራም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጣለን፤ ከዚያ እያንዳንዱን ዓይነት በእነሱ እናያለን። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። ታፔት ብቻውን አይመረጥም። የሚመረጠው ከካሙ፣ ከዘይቱና ሞተሩን ከሚንከባከበው እጅ ጋር ነው።

ታፔት ምን ይሠራል?

ካምሻፍቱ ሲዞር ጉብታው ታፔቱን ወደ ላይ ይገፋል። ታፔቱ ፑሽሮዱን (ረጅሙን መግፊያ ዘንግ)፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን (አንዱ ጫፍ ሲነሣ ሌላው የሚወርደውን ማንሻ)፣ ሮከሩ ደግሞ ቫልቩን። ካሙ ከላይ ቴስታታው ላይ ያለባቸው ሞተሮች ፑሽሮድ የላቸውም። እዚያ ታፔቱ እንደ ኩባያ ቫልቩ አናት ላይ ይደፋል፣ ወይም በሮከሩ አንድ ጫፍ ሥር ይቀመጣል። ሥራው ግን ያው ነው።

ጣጣው ብረት ሲሞቅ መለጠጡ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሁሉም ነገር ተነካክቶ ቢገጠም፣ ሲሞቅ ቫልቩ መቀመጫው ላይ ገጥሞ አይዘጋም። ያልተዘጋ ቫልቭ እሳት ያሾልካል። ሙቀቱን ለመቀመጫው ማስረከብ ስላልቻለም ይቃጠላል። ስለዚህ ለዚህ መለጠጥ ቦታ የሚተው ነገር ያስፈልጋል። ሶሊድና ሃይድሮሊክ የሚለያዩት ይህን ቦታ ማን ይጠብቀዋል በሚለው ነው። በሶሊድ የሰው እጅ ይጠብቀዋል። በሃይድሮሊክ ዘይት ይጠብቀዋል።

መመዘኛዎቹ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ለራሳችሁ የምትመልሷቸው ስድስት ጥያቄዎች አሉ።

የመጀመሪያው ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ በምን ነበር የሚለው ነው። በሃይድሮሊክ የተሠራ ሞተር ለእያንዳንዱ ታፔት ዘይት የሚያደርስ ቦይ አለው። በሶሊድ የተሠራው ብዙ ጊዜ ይህ ቦይ የለውም። ከሃይድሮሊክ ወደ ሶሊድ መሄድ ካሙና ሮከሩ አብረው ከተቀየሩ ብዙ ሞተር ላይ ይቻላል። የተገላቢጦሹ ግን ብሎክ እስከ መብሳት ሊያደርስ ይችላል፤ እኔ አልመክርም።

ሁለተኛው ዙር ነው። ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር ድረስ ይሄዳል? በምኞት ሳይሆን በእውነት። ቀኑን ሙሉ ከ2,000 እስከ 3,500 ዙር የሚሠራ መኪና ይዞ «ሰባት ሺ ቢደርስስ» ብሎ ዕቃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

ሦስተኛው፣ ቫልቩን ማን ያስተካክላል? ፊለር ጌጅ፣ ማለትም ያንን እንደ ምላጭ የሳሳ የብረት መለኪያ፣ ይዛችሁ ቅዳሜን ሞተር ላይ ማሳለፍ ትወዳላችሁ? ወይስ ኮፈኑ የሚከፈተው ዘይት ሲቀየር ብቻ ነው?

አራተኛው ዘይት ነው። በሰዓቱ ይቀየራል? የተጻፈለት ውፍረት ነው የሚገባው ወይስ የተገኘው? አምስተኛው ድምፅ ነው፤ እሱ የጠባይ ጉዳይ ነው፣ አንዱን የሚያናድደው ሌላውን ደስ ይለዋል። ስድስተኛው ገንዘብ ነው። የታፔቱን ዋጋ ብቻ ግን አትቁጠሩ። ታፔት ሲለወጥ ካም፣ የቫልቭ ስፕሪንግ፣ ፑሽሮድ፣ አንዳንዴም ሮከር ይከተላል። ርካሽ ታፔት ገዝቶ ለተከታዮቹ እጥፍ መክፈል የተለመደ ነው።

ሶሊድ ታፔት

ሜካኒካል የሚሉትም አሉ። ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ጉብታው 8 ሚሊሜትር ካነሣው 8 ሚሊሜትር ይነሣል። አያጭበረብርም።

ክፍተቱ የሚሰጠው በእጅ ነው፤ መጠኑም ከሞተር ሞተር በጣም ይለያያል። በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው ቮልስዋገን ቢትል በቀዝቃዛው 0.15 ሚሊሜትር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የሼቭሮሌት ካማሮ ዜድ 28 ሞተር ደግሞ በሙቁ 0.76 ሚሊሜትር ይፈልጋል፤ አምስት እጥፍ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ «ለሶሊድ ይህን ያህል ነው» የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ቁጥሩ የካሙ ነው። ሌላ ዓይነት ካም ከገጠማችሁ የሞተሩን የድሮ መመሪያ ሳይሆን ከአዲሱ ካም ጋር የመጣውን ወረቀት እመኑ።

«በሙቁ» እና «በቀዝቃዛው» የሚለውንም አትለፉት። አሉሚኒየም ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ፑሽሮድ ያለው ሞተር አሉሚኒየም ቴስታታ ካለው ሲሞቅ ክፍተቱ ይሰፋል። ወረቀቱ የሙቅ ቁጥር ሰጥቷችሁ ሞተሩን በቀዝቃዛው የምትገጥሙ ከሆነ፣ የብረት ብሎክ ላይ ለተቀመጠ አሉሚኒየም ቴስታታ ወደ 0.15 ሚሊሜትር ቀንሶ መጀመር የተለመደ ነው። ብሎኩም አሉሚኒየም ከሆነ ቅናሹ ወደ 0.30 ይደርሳል። ሞተሩ ሲሞቅ እንደገና ይለካል። የመጀመሪያው መነሻ ብቻ ነው።

ክፍተቱ የሚስተካከልበት መንገድም የምርጫው አካል ነው። ብዙ የሆንዳ ሞተሮች ላይ ብሎንና ዳዶ አለ፤ ዳዶውን ላላ አድርጎ፣ ብሎኑን ዞር አድርጎ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይሆንም። እንደ ቶዮታ 1ኤችዜድ ያሉ ዲዝሎች ኩባያው ላይ የምትቀመጥ ውፍረቷ የተለካ የብረት ዲስክ አላቸው፤ ክፍተቱ ሲዛባ ዲስኳ በሌላ ውፍረት ትቀየራለች። 1ኤንዜድ ላይ ደግሞ ዲስክም የለም። የሚቀየረው ኩባያው ራሱ ነው፤ ለዚያም ካሙ መነሣት አለበት። እንዲህ ያለ ሞተር በእጃችሁ ካለ ከመፍታታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቫልቭ ክፍተት ለክታችሁ ጻፉ። ያቺ ወረቀት በኋላ ብዙ ዲስክ ከመግዛት ታድናችኋለች።

ሶሊድን የምወድበት አንድ ምክንያት አለኝ። ሞተሩ ይናገራል። በየጊዜው ስትለኩ የአንዱ ቫልቭ ክፍተት ብቻ እየጠበበ ከሄደ፣ ያ ቫልቭ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ወይም አንገቱ እየተለጠጠ ነው። እየሰፋ ከሄደ ደግሞ ጉብታው ወይም የሮከሩ ጫፍ እየተበላ ነው። ሃይድሮሊክ ይህን ሁሉ በዝምታ ይሸፍንላችኋል፤ እስከማይችልበት ቀን ድረስ።

ብዙ ሰው ቫልቭ ሲያንኳኳ ይደነግጣል። ሶሊድ ላይ ሊያስደነግጥ የሚገባው ግን ሲያንኳኳ የኖረ ቫልቭ በራሱ ጊዜ ዝም ሲል ነው። ክፍተቱ አለቀ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የተቃጠለ ቫልቭ ነው፤ በተለይ የጭስ ማውጫው።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። ጥገና ይፈልጋል። የቢትሉ ክፍተት በየ5,000 ኪሎሜትር ይታያል። ዲስክና ኩባያ ያላቸው ሞተሮች ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ይቆያሉ፤ ስለዚህ «ሶሊድ ሁልጊዜ ያስቸግራል» ማለት ያለፈ ወሬ ነው።

ሃይድሮሊክ ታፔት

ከውጭ ሲታይ እንደ ሶሊዱ ነው። ውስጡ ግን ትንሽ ፒስቶን አለ። ከሥሩ ስፕሪንግ አለው፤ ዘይት የምታስገባ ግን የማታስወጣ ትንሽ ኳስም አለች። ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ዘይት ገብቶ ክፍተቱን ይሞላል። ጉብታው ሲገፋ ኳሷ መመለሻውን ትዘጋለች። የታፈነ ዘይት አይታመቅም፤ ታፔቱ ለዚያች ቅጽበት እንደ ደረቅ ብረት ይሆናል። በፒስቶኑ ዙሪያ ሆን ተብሎ በተተወች ስስ ክፍተት ትንሽ ዘይት ትሾልካለች። ቫልቩ በሙቀት ሲረዝም ታፔቱ ያችን ያህል ራሱን የሚያሳጥረው በዚህ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1930 ባወጣው ባለ 16 ሲሊንደር ሞተር ላይ ዘይት እየተጠቀመ የቫልቩን ክፍተት ዝም የሚያሰኝ መሣሪያ ነበር። ያኔ ዋናው ዓላማ የቅንጦት መኪና ድምፅ እንዳይኖረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሞተሮች ዕድሜያቸው መሀል ላይ ከሶሊድ ወደ ሃይድሮሊክ ተሻግረዋል። የክራይስለር ዘንበል ያለው ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር እ.ኤ.አ. በ1981 ተሻገረ። 426 ሄሚ እንኳ፣ ያ የውድድር ስም ያለው ሞተር፣ በ1970 በሃይድሮሊክ ወጣ። መርሴዲስም ከኦኤም617 ወደ ኦኤም602 ሲሄድ ቫልቭ ማስተካከልን አስቀረ። ፋብሪካዎቹ የሸሹት ሶሊድ ኃይል ስላነሰው አይደለም። ባለቤቶች ቫልቭ ስለማያስተካክሉ ነው።

ሃይድሮሊክ የሚመካው በዘይት ነው፤ የሚወድቀውም በዘይት ነው። ዘይት ሲቆይ የሚተወው ቡናማ ቅባት ፒስቶኑን ያጣብቀዋል። ጥቂት ቆሻሻ ከኳሷ ሥር ከገባች ታፔቱ ጫናውን መያዝ ያቅተዋል፣ ይንኳኳል። የዘይቱ መጠን ካነሰ ፓምፑ አየር ይስባል። መጠኑ ከልክ ካለፈም ክራንኩ (የሞተሩ ፒስቶኖች የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ዘይቱን መትቶ አረፋ ያደርገዋል። አየር ደግሞ ይታመቃል። ብዙ «የሞተ» ተብሎ የተጣለ ታፔት በእርግጥ የሞተው ዘይቱ ነበር። ስለዚህ ታፔት ከመቀየር በፊት ዘይትና ፊልትሮ መቀየር፣ ደረጃውን ማየት፣ የዘይት ግፊት መለካት ይቀድማል።

ሞተሩ አድሮ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ቢንኳኳ አትረበሹ። ቫልቩን ገፍቶ እንደቆመ ያደረ ታፔት ዘይቱን ያፈሳል፣ ሲሞላ ዝም ይላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው ድክመት በከፍተኛ ዙር ይመጣል። የቫልቭ ስፕሪንጉ ደክሞ ወይም ዙሩ በዝቶ ቫልቩ ጉብታውን መከተል ሲያቅተው መሀል ላይ ክፍተት ይፈጠራል። ሃይድሮሊኩ ሥራው ክፍተት መሙላት ነውና ይሞላዋል። በሚቀጥለው ዙር ቫልቩ መዘጋት ሲገባው ታፔቱ ረዝሞ ይጠብቀዋል፤ አይዘጋም። ጉልበት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ሲከፋ ቫልቭና የሞተሩ ፒስቶን ይገናኛሉ። ልብ በሉ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከስፕሪንጉ ነው። ታፔቱ የሚያባብስ እንጂ የሚያስጀምር አይደለም።

«ሃይድሮሊክ ዙር አይችልም» የሚለው አባባል ግን ጊዜ አልፎበታል። የስፖርት መኪናው የኮርቬት ዜድ06 ኤልኤስ7 ሞተር በሃይድሮሊክ ሮለር፣ ማለትም ግርጌው ላይ መንኮራኩር ባለው ታፔት፣ 7,000 ዙር ይሄድ ነበር። ለ2023 ሞዴል የመጣው የዚያው መኪና ኤልቲ6 ሞተር 8,600 ሲደርስ ግን ፋብሪካው ወደ ሜካኒካል ክፍተት ተመለሰ። ድንበሩ በግምት የት እንዳለ ሁለቱ ሞተሮች ይነግሯችኋል።

ግርጌው፦ ጠፍጣፋ ወይስ ሮለር?

ብዙ ሰው ሃይድሮሊክና ሶሊድ ላይ ሲከራከር ይህን ይረሳዋል። እኔ ካየሁት ግን የታደሰ ሞተርን ቶሎ የሚገድለው ይኼኛው ነው።

ጠፍጣፋ የሚባለው ታፔት በእርግጥ ጠፍጣፋ አይደለም። ግርጌው በጣም በትንሹ፣ ወደ 0.05 ሚሊሜትር፣ ሆዱ ገፋ ያለ ነው። ጉብታውም በትንሹ ዘንበል ብሎ ይሞረዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ታፔቱ በቦታው ይሽከረከራል፤ ስለሚሽከረከር አንድ ቦታ ላይ አይበላም። መሽከርከር ካቆመ በአጭር ጊዜ ጉብታውን ይልጠዋል። አሮጌ ታፔት ለማየት ሁለቱን ግርጌ ለግርጌ ግጠሙና ወደ ብርሃን ያዙ። ጤነኞቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወዛወዛሉ። ጸጥ ብለው ከተቀመጡ ወይም ግርጌያቸው መሀል ለመሀሉ ላይ ብርሃን ካሳለፈ አልቀዋል።

ጠፍጣፋ ታፔት ዚንክና ፎስፈረስ ያለበት ዘይት ይፈልጋል። ካታሊቲክ ኮንቨርተርን (ጭሱን የሚያጣራውን ዕቃ) ለመጠበቅ ሲባል እ.ኤ.አ. ከ2004ቱ ኤስኤም የዘይት ደረጃ ጀምሮ ቀጠን ባሉት የቤንዚን ሞተር ዘይቶች ውስጥ ፎስፈረስ ከ0.08 ከመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ለዘመናዊ ሞተር ይበቃል። ለአዲስ ጠፍጣፋ ካም ግን ያንሳል፤ ለማለማመጃ፣ ማለትም አዲሱ ካምና ታፔት መጀመሪያ ሲሠሩ እርስ በርስ ለሚላመዱበት ጊዜ፣ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ብትጠቀሙ ይሻላል።

ሮለር ታፔት ግርጌው ላይ ጎማ መሰል ትንሽ የብረት መንኮራኩር አለው። አይፈጭም፣ ይንከባለላል። ስለዚህ ማለማመጃ አያሳስበውም፣ ስለ ዚንክም ብዙ አይጨነቅም፣ ጤነኛ ከሆነ አዲስ ካም ላይ እንኳ ተመልሶ ሊገጠም ይችላል። ነገር ግን መሽከርከር የለበትም። ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ማገናኛ ወይም መያዣ ያስፈልገዋል፤ ለሮለር የተሠራ ካም ይፈልጋል፤ ቁመቱም ስለሚበልጥ የፑሽሮዱ ርዝመት ይቀየራል።

ሶሊድ ሮለር ለውድድር ነው። ከባድ ስፕሪንግ ይጫነዋል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛው ዙር፣ ሲቆም ደግሞ የመንኮራኩሩ መርፌ መሰል ቤሪንጎች የሚያገኙት ዘይት ትንሽ ነው። አንዷ መርፌ ከወደቀች መላው ሞተር ውስጥ ትዞራለች። በየመንገዱ መብራት ለሚቆም መኪና ይህን አልመርጥም።

ካሙና ታፔቱ ይስማሙ

ለሶሊድ የተሞረደ ጉብታ ክፍተቱን ቀስ ብሎ የሚዘጋ ረጅም መወጣጫ አለው። የሃይድሮሊኩ መወጣጫ አጭር ነው፤ የሚዘጋ ክፍተት የለማ። ሶሊድ ካም ላይ ሃይድሮሊክ ብትገጥሙ ቫልቩ በዚያ ረጅም መወጣጫ ሁሉ ክፍት ይሆናል። ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል፣ ከታች ያለው ጉልበት ይጠፋል። ሃይድሮሊክ ካም ላይ ሶሊድ መግጠም ደግሞ በጣም ጠባብ ክፍተት ተሰጥቶት የሚሞክሩት አሉ። አለበለዚያ ቫልቩ ሲነሣም ሲቀመጥም ይመታል። ለዕለት ሥራ የሚሆን መፍትሔ አይደለም።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ሶሊድ ጠፍጣፋ | ሃይድሮሊክ ጠፍጣፋ | ሃይድሮሊክ ሮለር | ሶሊድ ሮለር |
|---|---|---|---|---|
| ክፍተት ማስተካከል | በየጊዜው | ሲገጠም ብቻ | ሲገጠም ብቻ | ቶሎ ቶሎ |
| ድምፅ | ይሰማል | ጸጥ ያለ | ጸጥ ያለ | በደንብ ይሰማል |
| በግምት የሚመቸው ዙር | እስከ 7,000 | እስከ 5,500 | እስከ 6,500 | ከ7,000 በላይ |
| የቆሸሸ ዘይት | በአንጻሩ ይችላል | ያጣብቀዋል | ያጣብቀዋል | ቤሪንጉን ይጎዳል |
| ዚንክ ያለው ዘይት | ግድ ነው | ግድ ነው | አያሳስብም | አያሳስብም |
| ማለማመጃ | ጥብቅ | ጥብቅ | ቀላል | ቀላል |
| በአዲስ ካም ላይ መልሶ መግጠም | በፍጹም | በፍጹም | ጤነኛ ከሆነ | ጤነኛ ከሆነ |
| የሙሉ ሥራው ወጪ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከፍ ያለ | ከሁሉ በላይ |

የዙሩ ቁጥሮች ለፑሽሮድ ሞተር ናቸው፤ እንደ ስፕሪንጉና እንደ ካሙ ከፍም ዝቅም ይላሉ። ካሙ ከላይ ላለ ሞተር በቀጥታ አትውሰዷቸው።

ለማን የቱ?

መኪናው የዕለት ከሆነና ሞተሩ በሃይድሮሊክ የተሠራ ከሆነ ሃይድሮሊክ ግጠሙ፤ ብዙ አታስቡ። ሞተሩ ሮለር የሚቀበል ከሆነና ገንዘቡ ከተገኘ ሃይድሮሊክ ሮለር ከሁሉ ይሻላል። በግሌ፣ የተረፈኝን ገንዘብ ጎማና ቀለም ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ አውለዋለሁ።

በሶሊድ የተሠራ አሮጌ መኪና ያለው ሰው በሶሊዱ ይቆይ። ክፍተት መለካት የአንድ ቀን ትምህርት ነው። ከዚያ በኋላ ሞተሩን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ገንዘብ ለጠበበው ሰው መልሱ የፋብሪካው ዓይነት ነው፤ ጠፍጣፋም ቢሆን። ከማይታወቅ ሮለር በደንብ የተለማመደ ጠፍጣፋ ይሻላል። አሮጌ ታፔት አዲስ ካም ላይ በመግጠም ግን አትቆጥቡ፤ በወሩ ሁለቱንም ትገዛላችሁ።

በጋዝ የሚሠራ ሞተር ለየት ይላል። የጋዝ ነዳጅ ደረቅ ስለሆነ የቫልቭ መቀመጫን፣ በተለይ የጭስ ማውጫውን፣ ቶሎ ይበላል። ሃይድሮሊክ መጥበቡን ይከተልላችኋል፤ ነገር ግን የታፔቱ ፒስቶን ወለሉን ሲነካ ሳያስጠነቅቅ ያልቃል። ሶሊድ ከሆነ ክፍተቱን ከመመሪያው ቀደም ብላችሁ እዩ። በሁለቱም ቢሆን ሞተሩ ወርዶ ሳለ ጠንካራ መቀመጫ ማስገባት ከታፔቱ ምርጫ በላይ ይጠቅማል።

ለውድድር፣ ወይም ዘወትር ከ6,500 በላይ ለሚሄድ ሞተር፣ ሶሊድ ነው። ዘይት በሰዓቱ ለማይቀየርለት ሞተር ምን ልምከር? ሶሊዱ ትንሽ ይታገሳል። ግን ያንን ሞተር ታፔት አያድነውም።

ከመረጣችሁ በኋላ

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሥራ ምርጫው ላይ ከሚበላሸው ይበልጣል።

አንድ ጊዜ የራሴን ሞተር ስፈታ 12 ጠፍጣፋ ታፔቶችን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሬ በነዳጅ አጠብኳቸው። በጣም አበሩ። የትኛው ከየትኛው ጉብታ እንደመጣ ግን ጠፋ። ጠፍጣፋ ታፔት ከጉብታው ጋር ተላምዶ ያረጀ ስለሆነ ወደ ሌላ ጉብታ አይሄድም። ካሙ ጤነኛ ነበር፤ ታፔቶቹም። ሁለቱንም ጣልኳቸው። አሁን ካርቶን ላይ ቀዳዳ በስቼ ቁጥር እጽፋለሁ። ካርቶን ነጻ ነው።

ቴስታታው ፊቱ ከተላገ፣ ብሎኩ ከተላገ፣ ቫልቭ መቀመጫው ከተቆረጠ ወይም ጓርኒሲዮኑ (በሁለቱ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ከቀጠነ፣ ቴስታታው ወደ ካሙ ይቀርባል ወይም የቫልቩ ጫፍ ከፍ ይላል። ፑሽሮዱ አልተቀየረም፣ ግን አሁን ረጅም ሆኗል። ሶሊድ ላይ ብሎኑን ትመልሱታላችሁ። ሮከሩ ማስተካከያ የሌለው ሃይድሮሊክ ላይ ግን ፒስቶኑ ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ይጫናል። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ የታፔቱ ወረቀት ትክክለኛውን ይነግራችኋል። ከዚያ ካለፈ አጭር ፑሽሮድ መግዛት ነው። ሳይለካ የተገጠመ ሞተር ሲነሣ ኮምፕሬሽን ያጣል፤ መካኒኩም ቴስታታውን ይጠረጥራል።

ማስተካከያ ያለው ሃይድሮሊክ ሲገጠም ዜሮ ክፍተት የሚፈለገው ፑሽሮዱን ወደ ላይና ወደ ታች በመነቅነቅ ነው፤ በጣት በማሽከርከር አይደለም። ባዶ ታፔት ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ደካማ ነው። ፑሽሮዱ «ጠበቀ» ብላችሁ ስታሽከረክሩት ፒስቶኑ ቀድሞ ወርዷል። መነቅነቁ ሲጠፋ እዚያ ነው ዜሮው፤ ከዚያ ማስተካከያውን ወረቀቱ ያለውን ያህል ዙር ታጠብቃላችሁ።

ካሙ ከላይ በሆነ ሞተር ላይ አዲስ የሃይድሮሊክ ኩባያ ከገጠማችሁ ቶሎ አታስነሡ። ኩባያዎቹ ሞልተው ተለጥጠው ሊሆን ስለሚችል ቫልቭ ከሞተሩ ፒስቶን ይገናኛል። ቮልስዋገን ለእንዲህ ያሉ ሞተሮቹ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅን ያዝዛል። ከዚያም በቁልፍ ሳይሆን ክራንኩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት።

ጠፍጣፋ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ዕድሜውን ይወስናሉ። ጉብታዎቹና ግርጌዎቹ የካም ቅባት ይቀቡ። ዘይት በፓምፑ አስቀድሞ ይዳረስ። ውኃው፣ ነዳጁና የካንዴላው ጊዜ ሳይዘጋጅ ማስነሻ አይነካ፤ ረጅም ማሽከርከር ቅባቱን ይጠርገዋል። ልክ እንደተነሣ ወደ 2,000 ዙር ውሰዱት፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከ2,000 እስከ 2,500 መሀል ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አቆዩት። ሚኒሞ ላይ አታስቀምጡት። ጠፍጣፋ ካም ዘይት የሚያገኘው ከክራንኩ ከሚረጨው ነው፤ በሚኒሞ ደግሞ የሚረጨው ትንሽ ነው። ስፕሪንጉ ድርብ ከሆነ ውስጠኛውን ለማለማመጃው ጊዜ ማውጣት ጉብታውን ያሳርፋል። የሆነ ነገር ካፈሰሰ ወይም ከሞቀ አጥፉት፣ አስተካክሉት፣ ካቆማችሁበት ደቂቃ ቀጥሉ።

ማለማመጃው ሲያልቅ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። ፊልትሮውን ቁረጡና ወረቀቱን ዘርጉት። በብርሃን ላይ ጥቂት ግራጫ ዱቄት ካያችሁ ከቅባቱና ከማለማመጃው ነው። የሚያብረቀርቅ ስንጥር ካያችሁ ግን መኪናውን ከማስነሣታችሁ በፊት የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱ፤ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ የትኛው ቫልቭ ከሌሎቹ አንሶ እንደሚነሣ እዩ።